የአንድ ቀን ጉብኝትና የሦስት ዓመት አደራ

(በሬዲዮ የተነገረ)



በአገራችን ችግኝ መትከል የታወቀ ሥራ ሆኗል። ክረምት በገባ ቁጥር ሹሙም ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ነጋዴውም ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ በመላው ኢትዮጵያ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ በመንግሥት በኩል መገለጡ የሚታወስ ነው። ይህ ሁሉ ትጋት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በሐምሌ ስለ ተተከለው ብዛት የምንነጋገረውን ያህል፣ በሚቀጥለው ግንቦት በሕይወት ስለ ተገኘው ስንነጋገር አይሰማም። የዛሬው ንግግሬም ስለ ሐምሌው ሳይሆን ስለዚሁ ስለ ግንቦቱ ነገር ነው።

ጉዳዩን እንዳነሣ ምክንያት የሆነኝ፣ እኔም አባል የሆንሁበት አንድ የአትክልት ወዳጆች ማኅበር ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ያደረገው የአንድ ቀን ጉብኝት ነው። የማኅበሩ አባሎች ሠላሳ ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ በመዝገብ ቤት የሚሠሩ፣ ሒሳብ የሚይዙ፣ የሚያስተምሩ፣ ጡረታም የወጡ ይገኙባቸዋል። ጥቂቶቹ ግቢ አላቸው፤ የሚበዙት ግን በኪራይ ቤት ወይም በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖሩ ስለ ሆኑ፣ አትክልታቸው በረንዳ ላይ የተደረደረ የሸክላና የቆርቆሮ አበባ ነው። የጉብኝቱ አሳብ ከቀትር በፊት የጉለሌን የዕፅዋት ማዕከል ማየት፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ በከተማው ዳር ወደሚገኝ አንድ የችግኝ ማፍያ ጣቢያ ሄዶ ለክረምቱ የሚሆን ችግኝ መግዛት ነበር።

በመንገድ ላይ ሳለን ከአባሎቹ አንዲቱ፣ ሒሳብ ሠራተኛ የሆነች እኅታችን፣ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ግቢ ስለ ሆነው ነገር አጫወተችን። በሐምሌ ሥልሳ ችግኝ ተተከለ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ሻይም ተጠጣ። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲቆም ግን ውሃ የሚያጠጣ ታጣ። ዘበኛው ሲጠየቅ፣ «ቧንቧውን የሚከፍተው ንብረት ክፍል ነው» አለ። ንብረት ክፍል፣ «ችግኝ የጠቅላላ አገልግሎት ጉዳይ ነው» አለ። ጠቅላላ አገልግሎት ደግሞ፣ «በደብዳቤ አልተገለጠልንም» ሲል መለሰ። ደብዳቤው ተጽፎ ፈራሚው እስኪገኝ ድረስ ታኅሣሥ አለቀ። በሚያዝያ ሲቆጠር ከሥልሳው ዘጠኙ ብቻ ቆመው ተገኙ። አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሣቀ፤ ሆኖም ሣቁ ረጅም አልነበረም፤ ነገሩ በየመሥሪያ ቤታችን የምናውቀው ነበርና።

የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ከእንጦጦ በተያያዘው ከፍታ ላይ የሚገኝና 705 ሄክታር ስፋት ያለው ነው። ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኅብረት ናቸው። ቦታው ቀድሞ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ የሸፈነው ሲሆን፣ በየተራ ባሕር ዛፉ እየተነሣ የአገሩ ተወላጅ የሆኑት ዛፎች እንዲተኩበት ታስቧል። እንዲህ ያለ ማዕከል ለመዝናኛ ብቻ የሚቆም አይደለም። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በስምንት ቅጽ የመዘገበው ታላቅ የምርምር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲፈጸም፣ በእነዚህ አገሮች ወደ 6,000 የሚጠጋ የዕፅዋት ዓይነት እንዳለ አሳይቷል። ከአሥሩ አንዱ ያህልም በሌላ አገር የማይገኝ ነው። በመጽሐፍ የተመዘገበው ዕፅ በመሬት ላይ ካልተጠበቀ፣ መዝገቡ የሟች ስም ዝርዝር ሆኖ እንዳይቀር ያሰጋል። የዕፅዋት ማዕከል ጥቅሙ ከዚህ ላይ ነው።

በዚያ ኮረብታ ላይ ብዙዎቻችንን ያስገረመን የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነው። ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቡቃያ አውጥቶ እንደገና ለመቆም ይታገላል። ይህን ያየ ሰው የከተማችንን ታሪክ ማስታወሱ አይቀርም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ፣ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚሆነው የዙሪያው እንጨት በጥቂት ዓመት ውስጥ ተመናመነ። ከዚህ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ በዚያ ሕንፃ ማሠራት ጀምረው ነበር። መናገሻይቱ ባለችበት እንድትጸና ከረዱት ነገሮች አንዱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፤ ከብት አይበላውም፤ ሲቆርጡት ይበቅላል። አዲስ አበባ ሙቀቷንም ጣራዋንም ያገኘችው ከዚህ ዛፍ በመሆኑ ውለታው ሊካድ አይገባም።

ነገር ግን በዚያ ጉቶ አጠገብ ቆመን ስንነጋገር አንድ አሳብ ተነሣ፤ የዚህ ንግግር ዋና አሳብም እርሱ ነው። ባሕር ዛፍ ለከተማው ሕዝብ እንጨት ብቻ አልሰጠም፤ ልማድም ሰጥቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ዛፍ መትከልን የተማርነው፣ አሳዳጊ ከማይፈልግ ዛፍ ነው። ቆፍሮ መትከልና ትቶ መሄድ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ መጥረቢያ ይዞ መምጣት፤ ሥራው ይኸው ነበረ። አሁን የምንተክላቸው ዝግባ፣ ኮሶ፣ ጥድ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ግን የዚህ ዓይነት ዛፎች አይደሉም። በልጅነታቸው ከብት ይቀጥፋቸዋል፤ ሣር ያንቃቸዋል፤ የመጀመሪያው በጋ ያደርቃቸዋል። ዛፉን ለወጥን፤ ልማዱን ግን አልለወጥንም። በሐምሌ የተተከለው በግንቦት የማይገኝበት አንደኛው ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ይህን ስል የቀደሙት አባቶቻችን ዛፍ ማሳደግ አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለት በ15ኛው መቶ ዓመት፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ ሲነገር ኖሯል። በየደብሩና በየገዳሙ ዙሪያ የሚታየውም ጥንታዊ ዛፍ ቆሞ የቀረው፣ ጠባቂ ስለ ነበረው ነው። የደብሩ ዛፍ የማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ የሚቆርጠውም ምን እንደሚደርስበት የታወቀ ነው። የመሥሪያ ቤት ግቢ ችግኝ ግን የሁሉም ስለ ሆነ የማንም አይደለም።

ከቀትር በኋላ ወደ ችግኝ ማፍያው ስንደርስ የጣቢያው ኃላፊ ተቀበሉን። በዚሁ ሥራ ብዙ ዘመን የቆዩ ወይዘሮ ናቸው። በመጀመሪያ ያሳዩን ከእንጨት ዳስ በታች የተዘረጋውን የዘር መደብ ነው። ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት አያያዝ እንደሌለው ያስረዱን በዚያ ነው። የግራር ዘር ቆዳው ጠንካራ ስለ ሆነ የፈላ ውሃ ፈስሶበት፣ እየቀዘቀዘ አንድ ቀን ይነከራል፤ አለዚያ በመሬት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይተኛል። የወይራና የዝግባ ፍሬ ልባሱ ካልተሰነጠቀ ለመብቀል ይዘገያል። የጥቁር እንጨት ፍሬ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ከተለቀመ በኋላ የመብቀል ኃይሉን ፈጥኖ ስለሚያጣ ሳይውል ሳያድር መዘራት አለበት። የአንዱ ዘር ትዕግሥትን፣ የሌላው ፍጥነትን ይጠይቃል ማለት ነው።

ከመደቡ የበቀለው ቡቃያ ሁለትና ሦስት ቅጠል ሲያወጣ፣ አፈር ወደ ተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛወራል። በዚያ ጣቢያ አፈሩን የሚያዘጋጁት ሦስት እጅ ጥቁር የደን አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርገው ነው። ከተዛወረ በኋላ ጥላው ቀስ በቀስ ይነሣለታል፤ በየጊዜውም ከከረጢቱ ሥር ወደ መሬት የሚወርደው ሥሩ ይገረዛል። ለመትከል ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ውሃው ይቀነስበታል፤ ይህም ወደ ውጭ ወጥቶ የሚያገኘውን ችግር አስቀድሞ እንዲለምደው ነው። በሐምሌ የሚተከለው ችግኝ ዘሩ የተዘራው በጥቅምትና በኅዳር፣ አንዳንዱም ከዚያ አስቀድሞ ነው። እኛ በጥቂት ብር የምንገዛው ነገር፣ የሌላ ሰው የዘጠኝ ወርና ከዚያ የሚበልጥ ድካም ያለበት ነው።

ከዚያም አባሎቹ ለመግዛት በየረድፉ ተበተኑ። ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ከሁሉ የረዘመውን የዝግባ ችግኝ አንሥተው፣ «እትዬ፣ የዚህ ዋጋ ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ኃላፊዋም፣ «ጋሼ፣ ቁመቱን አይዩ፤ ሥሩን አሳዪኝ ይበሉኝ» አሏቸው።

ይህንም ብለው ረጅሙን ችግኝ ተቀበሉና ከረጢቱን በምላጭ ቀደዱት። ሥሩ በከረጢቱ ግድግዳ ዙሪያ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ተጠምዝዞ፣ አፈሩን አንቆ ይዞታል። ሳይሸጥ ከጊዜው በላይ የቆየ ስለ ሆነ፣ መሄጃ ያጣው ሥር በራሱ ላይ ዞሯል። እንዲህ ያለው ችግኝ ሲተከል ጥቂት ዓመት ያድግ ይሆናል፤ ነገር ግን ሥሩ ወደ ጎንና ወደ ታች በደንብ ስለማይሰራጭ፣ ድርቅ ሲመጣ ይጠወልጋል፤ ነፋስም ሲበረታ ይወድቃል። ቀጥለውም ከግማሹ የማይበልጥ ቁመት ያለውን ሌላ አነሡ። ግንዱ እንደ እርሳስ የወፈረ ነው፤ ሥሩም ነጣ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የወረደና በቀጭን የጎን ሥሮች የተሞላ ነው። «የሚያድገው ይህኛው ነው፤ ዋጋቸው አንድ ነው» አሉ።

አዛውንቱ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «በግ ስንገዛ ወገቡን ዳስሰን ነው፤ ዛፍ ስንገዛ ግን ጠጉሩን አይተን ኖሯል» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ቁመት አይቶ የመረጠ አልነበረም።

የሚቀረው ምን ያህል እንደሚገዛ መወሰን ነበር፤ በዚህም ላይ ክርክር ተነሣ። ከወጣቶቹ አባሎች አንዱ ሃምሳ ችግኝ እንዲገዛ አሳብ አቀረበ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ «ጋሼ፣ ብዙ ከተከልን የሚደርቀው ደርቆ ጥቂቱ ይተርፋል» አለ። አነጋገሩ የብዙ ሰው አነጋገር ነው፤ በቅን ልቡናም የተነገረ ነው። አዛውንቱ ግን፣ «ልጄ፣ ይህ የሚበተን የጤፍ ዘር አይደለም። የምንተክለውን አንቁጠር፤ የምናጠጣውን እንቁጠር» ሲሉ መለሱለት።

ወዲያውም ሒሳብ ሠራተኛዋ እኅታችን ወረቀት አውጥታ አሰላች። ለአንድ ችግኝ በሳምንት አሥር ሊትር ውሃ ቢበቃው፣ ከጥቅምት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ያለው ጊዜ 34 ሳምንት ያህል ቢሆን፣ ለአንዱ 340 ሊትር ያስፈልጋል። ለሃምሳው 17,000 ሊትር፣ ማለት 850 ጀሪካን ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ያህል የሚሸከም ማን ነው? ለአሥራ ሁለት ችግኝ ግን 204 ጀሪካን ይበቃል፤ ይኸውም ለሠላሳ ሰው ሲካፈል በዓመት ለእያንዳንዱ ሰባት ጀሪካን አይሞላም። ወጣቱም ወረቀቱን ተቀብሎ ተመለከተና፣ «እንግዲያውስ አሥራ ሁለት ይሁን፤ የመጀመሪያውን ጀሪካን የምሸከመው ግን እኔ ነኝ» አለ። ክርክሩ በዚህ ተፈጸመ።

ማኅበሩም አሥራ ሁለቱን በሦስት ቦታ መደባቸው፤ አራቱን በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ አራቱን በእኅታችን መሥሪያ ቤት፣ አራቱን በአንድ ሰፈር መንገድ ዳር። መዝገብ ቤት ያረጁት አዛውንት ደግሞ መዝገብ ከፈቱ። በመዝገቡ ላይ የዛፉ ዓይነት፣ የተተከለበት ቀንና ቦታ፣ የአጠጪው ስምና እርሱ በማይኖርበት ጊዜ የሚተካው ሰው ስም ይጻፋል። መጨረሻ ላይ «ተረካቢ» የሚል አምድ አለ። አጠጪው በዝውውር ወይም በሕመም ምክንያት ሥራውን የሚተው እንደ ሆነ፣ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ንብረት ችግኙን ቆጥሮ ለተረካቢው አስረክቦ ይፈርማል። በመጀመሪያ ይህ ለብዙዎቻችን ጨዋታ መስሎን ነበር። በጥር ወር ግን ከአባሎቹ አንዱ ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር፣ ሻንጣውን ሳያስር በፊት መጥቶ ሁለት ዝግባና አንድ ወይራ በፊርማ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ በመዝገቡ የሚቀልድ የለም።

ዓመት አልፎ በዚህ ግንቦት ሲቆጠር ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ቆመዋል። አንዱ የሞተው ለግንባታ የመጣ አሸዋ ስለ ተራገፈበት ነው። በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ከተተከሉት አራት መካከል የጠፋ የለም፤ ቦታው ያው፣ ቧንቧውም ያው ነው። የተለወጠው ነገር ኃላፊነቱ በስም መጻፉ ብቻ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ በመጪው ክረምት ለመትከል ያሰባችሁ ትኖሩ ይሆናልና፣ ከዚያ ጉብኝት የተገኘውን ምክር ባጭሩ ላቅርብ።

አስቀድሞ የዛፉን ዓይነት ከቦታው ጋር አመዛዝኑ። ዝግባና ጥድ ትልቅ ስለሚሆኑ ከቤት ግድግዳና ከፍሳሽ መስመር አጠገብ አይተከሉም። ኮሶ ወንዱና ሴቷ በየብቻቸው የሚቆሙ ስለ ሆነ፣ ብቻዋን የቆመች ሴት ኮሶ በአቅራቢያዋ ወንድ ከሌለ የሚበቅል ዘር አትሰጥም። ወይራ ዝግ ብሎ ያድጋል፤ ሆኖም ጠንካራ ነው፤ እንጨቱም የወተት ዕቃ ለማጠን የሚፈለግ መሆኑን እናቶች ያውቃሉ። ጥቁር እንጨት ቅርፊቱ በውጭ አገር ለመድኃኒት ስለሚፈለግ ብዙ ጉዳት የደረሰበት ዛፍ ነው። ንግዱም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል። አንድ ጥቁር እንጨት ያሳደገ ሰው ትልቅ ነገር አድርጓል ማለት ነው።

ጉድጓዱ ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ይቆፈር፤ ጥልቀቱም ስፋቱም ከክንድ አይነስ። የላይኛው አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ፤ ሲሞላም የላይኛው ለም አፈር ወደ ሥሩ ይግባ። የፕላስቲኩ ከረጢት ፈጽሞ ከችግኙ ጋር መቀበር የለበትም፤ ሲወልቅም አፈሩ እንዳይበተን በጥንቃቄ ይሁን። «ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረት ለዚህም ያገለግላል። ከሥሩ ጫፍ የተጠመዘዘ ካለ በስለት ይቆረጥ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን እንጂ ጠልቆ አይቀበር።

ዝናቡ ሲያቆም ዋናው ሥራ ይጀመራል። በየዕለቱ አንድ ኩባያ ከማፍሰስ በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ ማጠጣት ይሻላል፤ በላዩ ብቻ የረጠበ አፈር ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋልና። ውሃው ጧት ወይም ማታ ይሁን። ለውሃ የሚቸገር ሰው ሳሙናና ዘይት ያልነካውን የአትክልት ማጠቢያ ውሃ ቢያጠራቅም ይበቃዋል። በችግኙ ዙሪያ ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ቢጎዘጎዝ እርጥበቱን ይጠብቃል፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ይራቅ። ይህ ሁሉ ለአንድ በጋ ብቻ ሳይሆን ለሦስት በጋ ቢደረግ፣ ከዚያ በኋላ ዛፉ ራሱን ይችላል።

ምናልባት ከአድማጮቼ መካከል፣ «እኔ የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ የምተክልበት መሬት የለኝም» የሚል ይኖራል። ለዚህ ሰው የምመልሰው፣ የተከለ ሰው እንጂ የሚያጠጣ ሰው በዝቶ አያውቅም የሚል ነው። ባለፈው ክረምት በየመንገዱና በየግቢው የተተከለው ችግኝ ዛሬ ውሃ የሚሰጠው እየፈለገ ቆሟል። መሬት የሌለው ሰው ከእነዚያ አንዱን ቢቀበል ከተከለው ሰው አያንስም።

ሌላው ደግሞ፣ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ መንግሥት ችግኝ ሊያፈላ፣ ቦታ ሊከልል፣ ሕግ ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን ጀሪካኑን አንሥቶ ከችግኙ ዘንድ የሚደርሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። በወጪ መዝገብ የሰፈረ ደብዳቤ ሁሉ ጉዳዩ ተፈጽሟል ማለት አይደለም፤ ተከታታይ የሌለው ጉዳይ ቁጥር ተሰጥቶት እንኳ ይሞታል። የተተከለ ችግኝም እንዲሁ ነው። ተቆጥሮ በሪፖርት መግባቱ ሕይወት አይሰጠውም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከመሥሪያ ቤታችሁ ግቢ ወጥታችሁ ባለፈው ክረምት የተተከለውን እንድትቆጥሩ እለምናችኋለሁ። የቆመውን ቁጠሩ፤ ከጎኑም የአንድ ሰው ስም ጻፉ። ያ ስም የራሳችሁ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ያማረ ይሆናል።